ከሙሂካ ቮልስ ጀርባ ያለው ወንበር

የኡራጓይ ፕሬዝዳንት የነበረው ሆሴ ሙሂካ የሞተ ሰሞን፣ ሜይ 2025 ማለት ነው (እዚህ ጽሁፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ጸጉር ቤት ቁጭ ብዬ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቷል፣ ያቺ ሰማያዊ ቮልስ፣ ሶስት እግር ብቻ ያላት ውሻው፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ የገበሬ ቤት፣ ሽማግሌው ደሞ አሮጌ ሹራቡን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ተራኪው "የዓለማችን ድሃው ፕሬዝዳንት" እያለ ይቀጥላል። ልጁ አይቶ ሲጨርስ "እንዲህ አይነት አንድ ሰው ብቻ ቢሰጠን እኮ ይበቃን ነበር" አለ፣ ቆራጩ ቶንዶሱን አጥፍቶ "አሜን" አለ፣ እኔም አሜን አልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ግን አንድ ነገር አልለቀኝ አለ። ይሄ ሰውዬ እንዲህ ከተወደደ ለምንድነው 5 ዓመት ብቻ ገዝቶ የወረደው? 2010 ገባ 2015 ወጣ። በምርጫ አልተሸነፈ፣ አልተገለበጠ፣ ታሞም አልነበረም። ፈልጌ ሳገኘው መልሱ አንድ መስመር ነው፣ ሕጉ አይፈቅድም። እሱን ብቻ ሳይሆን ማንንም አይፈቅድም። ኡራጓይ ውስጥ ፕሬዝዳንት ሆኖ የጨረሰ ሰው 5 ዓመት ውጪ ሳይቆይ ተመልሶ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አይችልም፣ ምንም ያህል ቢወደድ።

ከዛች ማታ ጀምሮ የዚህችን ሀገር ታሪክ ሳሳድድ ከረምኩ። እና ሚቆጨኝ ነገር ቢኖር እኛ ጋር ሚደርሰው ወሬ ሁሉ ስለ ሰውዬው መሆኑ ነው፣ ስለተቀመጠበት ወንበር ማንም አያወራም። ወንበሩ ግን ሊወራለት ይገባል። ኡራጓዮች 200 ዓመት ሊሞላ ምንም ባልቀረው ታሪካቸው ውስጥ "ይሄን ሁሉ ስልጣን አንድ ሰው እጅ ላይ ማስቀመጥ ልክ ነው ወይ?" ብለው ደጋግመው የጠየቁ፣ ሲሳሳቱ የደሙ፣ አንድ ጊዜ ደሞ ፕሬዝዳንት ሚባለውን ስልጣን ጭራሽ ከሕገ መንግሥታቸው ሰርዘው ያለ ፕሬዝዳንት 15 ዓመት የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ኡራጓይን አብዛኞቻችን ምናውቃት በኳስ ነው አይደል፣ ፎርላን፣ ሱዋሬዝ፣ ካቫኒ። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ 1930 ላይ ዋና ከተማቸው ሞንቴቪዴዮ ውስጥ ነው የተካሄደው፣ ዋንጫውንም ራሳቸው ነው የበሉት። ለዛ ውድድር የተሰራው ስታዲየም ሴንቴናሪዮ ይባላል፣ ትርጉሙ "መቶኛ ዓመት" ነው። የምን መቶኛ ዓመት? እኔ ለዓመታት የነጻነት በዓል ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የሕገ መንግሥቱ ነው። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ላይ የተማለው ጁላይ 18 1830 ነው፣ ስታዲየሙ የተከፈተው ደሞ ልክ ጁላይ 18 1930። ውድድሩ ከጁላይ 13 ጀምሮ ሌሎች ሜዳዎች ላይ እየተካሄደ ነበር፣ ሴንቴናሪዮ ግን ለቀኑ ደረሰ፣ ኡራጓይ ፔሩን 1 ለ 0 አሸንፋ መረቀችው። የከተማው ዋና ጎዳናም ስሙ "ጁላይ 18" ነው። ስታዲየማቸውንም ዋና መንገዳቸውንም በሕገ መንግሥታቸው ቀን ነው የሰየሙት ማለት ነው።

ሀገሪቷ የተወለደችው በሁለት ትልልቅ ጎረቤቶች መሃል ነው። ብራዚልና አርጀንቲና በዚህ መሬት ምክንያት ተዋግተው ማናቸውም መጨረስ ሲያቅታቸው 1828 ላይ እንግሊዝ ገብታ አስታረቀቻቸውና "ለማናችሁም አይሁን፣ ራሱን የቻለ ሀገር ይሁን" ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱ ወጣ። ፕሬዝዳንቱን ሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ነው፣ ጊዜው 4 ዓመት ነው፣ ሲጨርስ ወዲያው መመለስ የለም። ያቺ "ወዲያው መመለስ የለም" ምትለዋ ነገር በመሃል ስትሰበርም ስትጠገንም ኖራ እዚህ የደረሰችው ከ1830 ጀምሮ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ እንደዛ አለ። ኑሮው ሌላ ነበር።

የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ፍሩክቱኦሶ ሪቬራ ጊዜውን ጨርሶ ወረደ፣ በቦታው ማኑኤል ኦሪቤ ማርች 1 1835 ገባ (ይቺን ማርች 1 ያዟት፣ እንመለስባታለን)። ሪቬራ ግን ከወንበሩ ቢወርድም የገጠሩ ጦር አዛዥ ሆኖ ቀጥሎ ነበር፣ ኦሪቤ ያንን ሹመት ሲያጥፍበት ጦሩን ይዞ ሸፈተ። 1836 ላይ ካርፒንቴሪያ ሚባል ቦታ ሲገጥሙ ወዳጅና ጠላት እንዲለይ የኦሪቤ ሰዎች ነጭ ጨርቅ አሰሩ፣ ጨርቁ ላይ "የሕግ ጠባቂዎች" ተብሎ ተጽፎበታል፣ የሪቬራ ሰዎች ደሞ ቀይ። ከዛ ጨርቅ ነው እንግዲህ ሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች የወጡት፣ ብላንኮ ማለት ነጭ፣ ኮሎራዶ ማለት ቀይ። እስከ ዛሬ አሉ። የመጀመሪያው ፕሬዝዳንትና የሁለተኛው ፕሬዝዳንት ጸብ ፓርቲ ሆኖ ወደ 190 ዓመት ኖረ ማለት ነው። ኋላ ላይ ጸቡ ትልቁ ጦርነት ወደሚሉት አደገና ኦሪቤ ሞንቴቪዴዮን ከ1843 እስከ 1851 ከቦ ተቀመጠ፣ አንድ መንግሥት ከከተማው ውስጥ፣ አንድ መንግሥት ከከተማው ውጪ፣ ሁለቱም "ሕጋዊው እኔ ነኝ" እያሉ።

ያንን ክፍለ ዘመን በሙሉ ብተርክላችሁ አያልቅም፣ ግን አንድ ቀን ብቻ ልንገራችሁ። ፌብሩዋሪ 19 1868። በርናርዶ ቤሮ ነጭ ነው፣ ከ1860 እስከ 1864 ፕሬዝዳንት ነበር። ቬናንሲዮ ፍሎሬስ ቀይ ነው፣ የቤሮን መንግሥት ሊጥል ጦር ይዞ ገብቶ 1865 ላይ ስልጣን የያዘው እሱ ነው። በዛች ቀን ቤሮ ጥቂት ሰዎች ይዞ መንግሥት ቤቱን ሰብሮ ገባ። ፍሎሬስ ወሬውን ሰምቶ በሰረገላ ሲገሰግስ መንገድ ላይ አድፍጠው በጩቤ ገደሉት። ቤሮ ተያዘና እዛው ቀን ተገደለ። ሁለት የቀድሞ መሪዎች፣ የሁለት ፓርቲ ሰዎች፣ አንድ ከተማ ውስጥ በአንድ ቀን። በ1897 ደሞ ሁዋን ኢዲያርቴ ቦርዳ የነጻነት በዓል ቀን ካቴድራል አስቀድሶ ሲወጣ መንገድ ላይ ተተኩሶበት ሞተ፣ እሱ በስልጣን ላይ እያለ የተገደለ ብቸኛው ፕሬዝዳንታቸው ነው። ዛሬ "የላቲን አሜሪካ ስዊዘርላንድ" ሲባሉ ስንሰማ እንዲሁ ሰላማዊ ሆነው የተፈጠሩ ይመስለናል። አይደለም።

ስዊዘርላንድ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ሆሴ ባትዬ ኢ ኦርዶኔስ ሚባል ሰው አለ፣ ጋዜጠኛ ነው፣ ኤል ዲያ ሚባለውን ጋዜጣ የመሰረተ፣ ግዙፍ ሰውዬ። 1903 ላይ ፕሬዝዳንት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ነጮቹ በአፓሪሲዮ ሳራቪያ መሪነት ተነሱበት፣ ማሶዬር ሚባል ቦታ ሳራቪያ ቆስሎ ከቀናት በኋላ ሲሞት የጨርቅ ጦርነቱ ዘመን አበቃ። ባትዬ አሸነፈ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ያሸነፈ ሰው ነው፣ ጦሩ በእጁ ነው፣ ፓርላማው በእጁ ነው። 1907 ላይ ጊዜውን ጨርሶ ወረደና አውሮፓ ሄዶ 4 ዓመት ቆየ። እዛ ስዊዘርላንዶችን አያቸው፣ አንድ ራስ የላቸውም፣ ሰባት ሰው ተቀምጦ ነው ሀገር ሚመራው። 1911 ተመልሶ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመረጥ ይሄንን ሀሳብ ይዞ መጣና ማርች 1913 በራሱ ጋዜጣ ላይ አወጣው፣ ፕሬዝዳንት ሚባለውን አጥፍተን በቦታው ዘጠኝ ሰው እናስቀምጥ አለ። አንድ ሰው ከተበላሸ ሀገር ይዞ ይበላሻል ነው ነገሩ፣ ዘጠኝ ሰው አንዴ አይበላሽም።

የራሱ ፓርቲ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሰዎቹ የ8 ሰዓት ስራ ሕጉንም፣ ሴት ልጅ በራሷ ፈቃድ ብቻ ፍቺ ማግኘቷንም፣ የሞት ቅጣት መነሳቱንም ውጠውለታል፣ ይሄን ግን እምቢ አሉት። 1916 ላይ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ ሲመረጥ ድምጽ በሚስጥር ተሰጠ፣ ባትዬ ተሸነፈ። ሀገሪቷን የመራት ትልቁ ሰው፣ በራሱ ዘመን በመጣ የሚስጥር ድምጽ። ከዛ ተደራደሩና በ1919 ግማሽ ግማሽ የሆነ ነገር ስራ ጀመረ፣ ፕሬዝዳንቱ ጦሩን፣ ፖሊሱንና የውጭ ጉዳዩን ይይዛል፣ ትምህርቱን፣ ገንዘቡንና ልማቱን ደሞ ዘጠኝ ሰው ያለበት የአስተዳደር ምክር ቤት ይይዛል፣ ከዘጠኙ ሶስቱ ከተሸናፊው ፓርቲ ናቸው። ተሸናፊው ወንበር አለው! ጦርነት ለማስቀረት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት ያለ አይመስለኝም።

በዚህ አሰራር የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ባልታሳር ብሩም ይባላል፣ የባትዬ ልጅ ማለት ይቻላል፣ በሀሳብ። ስሙን ያነሳሁት ስለ ፕሬዝዳንትነቱ ሳይሆን ስለ አሟሟቱ ነው። የ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት ኡራጓይም ደረሰ፣ ባትዬም በዛው ዓመት ሞተ፣ 1931 ላይ ጋብሪኤል ቴራ ሚባል ከዛው ከኮሎራዶ የተመረጠ ፕሬዝዳንት ገባና "ይሄ ምክር ቤት አላሰራኝም" ማለት ጀመረ። ማርች 31 1933 ፖሊስና የእሳት አደጋ ሰራተኞችን ይዞ ምክር ቤቱንም ፓርላማውንም በተነ። የዛን ቀን ጠዋት ፖሊሶች ብሩምን ሊይዙት ቤቱ ሄዱ። ሰውዬው የቀድሞ ፕሬዝዳንት ነው፣ ገና ሃምሳ አልሞላውም። ሽጉጥ ይዞ ወጣና ተኮሰባቸው፣ ወደኋላ አፈገፈጉ። ከዛ በሩ ላይ ቆመ። ሰዓታት። ወዳጆቹ መጥተው ኤምባሲ ገብተህ ተደበቅ አሉት፣ አሻፈረኝ አለ። ሕዝቡ ይነሳል ብሎ ነበር ሚጠብቀው። ሕዝቡ አልተነሳም። ከሰዓት በኋላ መንገዱ መሃል ሄዶ ቆመ፣ "ባትዬ ለዘላለም ይኑር፣ ነጻነት ለዘላለም ይኑር" ብሎ ጮኸና ሽጉጡን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኮሰ።

ይሄን ያነበብኩ ቀን ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ ራሱን ማጥፋቱን አላወድስም፣ እንዲያውም ቢኖር ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን አንድ ፕሬዝዳንት የነበረ ሰው ለወንበር ሳይሆን ወንበሩን ለከፋፈለው ሕግ ብሎ መንገድ ላይ ብቻውን መቆሙ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቴራ አሸነፈ፣ ምክር ቤቱን አጠፋ፣ ለራሱም ሁለተኛ ዘመን ጨመረ፣ "ወዲያው መመለስ የለም" ያልኳችሁን ሰበራት ማለት ነው። ግን ሀሳቡ አልሞተም። 1951 ላይ አንድሬስ ማርቲኔስ ትሩኤባ ሚባል ፕሬዝዳንት ስልጣን ያዘ፣ እና የመጀመሪያ ትልቅ ስራው ምን ሆነ መሰላችሁ? የራሱን ስልጣን ማጥፋት። ከተቃዋሚው ከነጮቹ አንጋፋ ጋር ተስማማ፣ በዛው ዓመት ዲሴምበር ለሕዝብ ድምጽ ቀረበ፣ ብዙ ሰው ለመምረጥ እንኳን አልወጣም፣ ግን አለፈ። ከማርች 1 1952 ጀምሮ ኡራጓይ ፕሬዝዳንት የላትም። ዘጠኝ ሰው፣ ስድስት ካሸነፈው ሶስት ከተሸነፈው፣ ሰብሳቢው ደሞ በየዓመቱ ይቀያየራል። እኛ ጋር ኮሚቴ ሀገር ሲመራ ሲባል ደርግ ነው ጭንቅላታችን ላይ ሚመጣው፣ የነሱ ግን በጠመንጃ የመጣ ሳይሆን በድምጽ ነው፣ ተቃዋሚውም እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው ሚቀመጠው።

ሰራ ወይ? እውነቱን ለመናገር ብዙም አልሰራም። ችግሩ የዘጠኙ ሰዎች ብቻ አልነበረም፣ ሀገሪቷ ምትኖረው ሱፍና ስጋ ሸጣ ነበር፣ ከኮሪያ ጦርነት በኋላ የሱፍ ዋጋ ሲወርድ ኑሮው አብሮ ወረደ፣ ዋጋው በየቀኑ ይጨምራል፣ ዘጠኙ ሰዎች ደሞ ተሰብስበው ይከራከራሉ፣ ውሳኔ ይጓተታል፣ ሹመቱን በፓርቲ ኮታ ይካፈላሉ። ሰዉ ተማረረ። 1958 ላይ ነጮቹ ከ93 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፉ፣ እነሱም አልቻሉትም። በ1966 ሕዝቡ በድምጹ "ፕሬዝዳንቱን መልሱልን" አለ። ይሄን ክፍል ሳነብ ከልቤ አዘንኩ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ሚመጣውን አውቀዋለሁ። የደከመው ሕዝብ ጠንካራ ሰው ይፈልጋል፣ ጠንካራው ሰው ደሞ መጣ።

ማርች 1967 የገባው ጄኔራል ጌስቲዶ በ9 ወር ሞተ፣ ምክትሉ ሆርሄ ፓቼኮ ተተካ። ፓቼኮ የአስቸኳይ ጊዜ እርምጃ ሚባለውን የዕለት መሳሪያ አደረገው፣ ጋዜጣ ይዘጋል፣ አድማ የወጣ ሰራተኛ በወታደር ሕግ ይገደዳል። በሌላ በኩል ቱፓማሮስ ሚባሉት የከተማ ታጣቂዎች ሰው ያግታሉ፣ ባንክ ይዘርፋሉ። ሙሂካ እዚህ ጋር ነው ሚገባው፣ ከነሱ አንዱ ነበር። 1970 ላይ ከፖሊስ ጋር ሲታኮስ በስድስት ጥይት ተመታ፣ ተረፈ፣ ታሰረ፣ 1971 ላይ ከመቶ በላይ እስረኞች ፑንታ ካሬታስ ከሚባለው እስር ቤት መሬት ሰርስረው ሲያመልጡ አብሮ አመለጠ፣ እንደገና ተያዘ። (ያ እስር ቤት ዛሬ የገበያ ማዕከል ነው።) በዛው 1971 ፓቼኮ በድጋሚ መመረጥ እንዲችል ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ተብሎ ለሕዝብ ቀረበ፣ ሕዝቡ እምቢ አለ። በዛ በጨለመ ሰዓት እንኳን ያቺን አንቀጽ አልሰጡም። ግን ፓቼኮ በምትኩ ያዘጋጀው ሁዋን ማሪያ ቦርዳቤሪ ተመረጠ፣ ያውም በነጠላ ብዙ ድምጽ ያገኘው የነጮቹ ዊልሰን ፌሬይራ ሆኖ ሳለ የአንድ ፓርቲ እጩዎች ድምጽ ተደምሮ ሚቆጠርበት ሕግ ስለነበር ነው።

ጁን 27 1973 ቦርዳቤሪ ከጄኔራሎቹ ጋር ሆኖ ፓርላማውን በተነ። ሰራተኛው 15 ቀን ፋብሪካ ይዞ አድማ መታ፣ አልተቻለም። እዚህ ላይ አንዴ ቆም በሉልኝ። በ1933 ሕጉን የጣለው ማን ነበር? የተመረጠ ፕሬዝዳንት። በ1973ስ? የተመረጠ ፕሬዝዳንት። ታንኩ ከውጪ አይደለም የመጣው፣ በሩን ከውስጥ የከፈተው ቁልፉ የተሰጠው ሰው ነው። ባትዬ በ1913 ያስፈራው ነገር ይሄው ነበር እኮ።

ቦርዳቤሪን ራሱ ወታደሮቹ በ1976 አባረሩት፣ ፓርቲ ሚባል ነገር ለዘላለም ይጥፋ ሲል እነሱም ይሄ በዛ አሉት። ከዛ በነሱ ፈቃድ የሚቀመጥ ሰው፣ ከዛ ጄኔራል ግሬጎሪዮ አልቫሬስ። ሙሂካና ስምንት ጓዶቹ ለዓመታት ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር እየተዘዋወሩ ብቻቸውን ተዘግቶባቸው ነበር፣ ድርጅታችሁ ከተንቀሳቀሰ ትገደላላችሁ ተብለው፣ መያዣ ነበሩ። ብዙ ሰው ተገረፈ፣ ብዙ ሰው የገባበት ጠፋ፣ እናቶች እስከ ዛሬ በየዓመቱ ሜይ 20 የጠፉትን ፎቶ ይዘው በጁላይ 18 ጎዳና ላይ ድምጽ ሳያሰሙ ይሄዳሉ።

እና በ1980 ወታደሮቹ አገዛዛቸውን ሚያጸድቅ ሕገ መንግሥት አዘጋጅተው ለሕዝብ ድምጽ አቀረቡ። ሬዲዮው የነሱ፣ ቴሌቪዥኑ የነሱ፣ እስር ቤቱ የነሱ። ኖቬምበር 30 ሲቆጠር ወደ 57 ፐርሰንት "አይሆንም" ብሏል። እንደልባቸው ፖስተር ሳይለጥፉ፣ እንደልባቸው ስብሰባ ሳይጠሩ፣ አብዛኞቹ በየቤታቸው ተንሾካሹከው። ብሩም በ1933 በሩ ላይ ቆሞ የጠበቀው ሕዝብ 47 ዓመት ዘግይቶ ይሁን እንጂ መጣ ብዬ ነው እኔ ማስበው። ወታደሮቹም ቆጠራውን አልካዱም፣ 1984 ላይ ተደራድረው ምርጫ ተደረገ፣ የኮሎራዶው ሁሊዮ ማሪያ ሳንጊኔቲ አሸነፈ። አልቫሬስ የፕሬዝዳንትነቱን ጥብጣብ ለተመረጠ ሰው በእጁ ላለመስጠት ቀኑ ሳይደርስ ለቀቀ፣ ለሁለት ሳምንት ገደማ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ወንበሩን ጠበቀና ማርች 1 1985 ለሳንጊኔቲ አስረከበ። በዛው ወር ምህረት ወጣ፣ ሙሂካ ከእስር ወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ አልቫሬስ በ37 ሰዎች ግድያ 25 ዓመት ተፈረደበት፣ ቦርዳቤሪም ሕገ መንግሥቱን በመጣስ ተፈረደበት፣ የተመረጠ ፕሬዝዳንት ነበርኩ ማለቱ አላዳነውም። ያም ሆኖ በ1986 የወጣው ሕግ ብዙ ወታደሮችን ከክስ አድኗቸዋል፣ ሕዝቡም ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሕጉን አልሻረውም፣ ቁስሉ አልዳነም።

አሁን ያለው ወንበር ምን ይመስላል? ፕሬዝዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል፣ ቢያንስ 35 ዓመት፣ የስራ ዘመን 5 ዓመት፣ ግማሽ ድምጽ ያለፈ ከሌለ ሁለተኛ ዙር አለ፣ ይሄኛው በ1996 ማሻሻያ የገባ ነው። ስልጣን ላይ እያለ ለፓርቲው ቅስቀሳ መውጣት ክልክል ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ግን ስለ ፊርማ ሚለው ነው። ፕሬዝዳንቱ የትኛውንም ውሳኔ ሲፈርም ጉዳዩ ሚመለከተው ሚኒስትር አብሮት መፈረም አለበት፣ ያ ፊርማ ከሌለ፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ነው ሚለው፣ "ማንም የመታዘዝ ግዴታ የለበትም"። አስቡት እስቲ፣ አለመታዘዝን ራሱ ሕገ መንግሥቱ ሲፈቅድ። አንድ ፊርማ ብቻውን ወረቀት ነው፣ ሁለት ፊርማ ነው ትዕዛዝ ሚሆነው። እኔን የዘጠኙን ሰዎች ሀሳብ ነው ሚያስታውሰኝ፣ ስልጣን አንድ ሰው እጅ ላይ ብቻ እንዳይቀር።

የፕሬዝዳንቱ ቢሮ ነጻነት አደባባይ ላይ ያለ የመስታወት ፎቅ ነው፣ መጀመሪያ ለፍርድ ቤት ተብሎ የተጀመረ ሕንጻ ነው። አደባባዩ ስር ደሞ የአርቲጋስ መቃብር አለ። አርቲጋስ የሀገሪቷ አባት ሚሉት ጀግና ነው፣ ግን አንድም ቀን ፕሬዝዳንት አልሆነም፣ ተሸንፎ 1820 ላይ ፓራጓይ ገብቶ እዛው በስደት 30 ዓመት ኖሮ ነው የሞተው። በ1813 ለተሰበሰቡት ተወካዮች የተናገራት ቃል አለች፣ "ስልጣኔ ከእናንተ ይመነጫል፣ እናንተ በተገኛችሁበት ደግሞ ያበቃል"። ዛሬ ፕሬዝዳንቶቻቸው ቢሯቸው ሚገቡት ይሄ ሰው ከተኛበት አደባባይ አጠገብ ነው።

እና ሙሂካ። ማርች 1 2010 ቃለ መሐላ ሲፈጽም መሐላውን የተቀበለችው ብዙ ድምጽ ያገኘችው ሴናተር ነበረች፣ ሉሲያ ቶፖላንስኪ፣ እሷም ለዓመታት የታሰረች ታጋይ፣ ሚስቱ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል እኛ ጋር፣ ሰውዬው ደሞ ደሞዙን አብዛኛውን ሰጥቶ፣ ቤተ መንግሥቱን ትቶ እርሻው ላይ እየኖረ 5 ዓመቱን ጨረሰና ጥብጣቡን ለታባሬ ቫስኬስ መለሰ። መለሰ ያልኩት ቫስኬስ ከሱ በፊትም ፕሬዝዳንት ስለነበረ ነው፣ የካንሰር ሐኪም ነው፣ 5 ዓመቱን ውጪ ጠብቆ ነው የተመለሰው። ኦክቶበር 20 2020 ሙሂካና ያ 1985 ላይ ሀገሪቷን የተረከበው ሳንጊኔቲ ከሴኔት በአንድ ቀን ለቀቁ። አንዱ ታጣቂ የነበረ፣ አንዱ የሚቃወመው ፓርቲ መሪ፣ ሁለቱም ከሰማኒያ በላይ ናቸው፣ ምክር ቤቱ መሃል ተቃቀፉ። ፎቶውን እዩት፣ የኮሮና ጊዜ ነው፣ ማስክ አድርገዋል። እኔ ቮልሷን ሳይሆን ያንን ፎቶ ነው ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት።

ባለፈው ወደዛው ጸጉር ቤት ስሄድ ፎቶውን ለቆራጩ አሳየሁት። ትንሽ አየውና "እሺ ጋሼ፣ ሙሂካ ሲወርድ ማን ገባ?" አለኝ። ከሱ በፊት የነበረው ሐኪም አልኩት። "ተጣልተው?" አይ፣ ተመርጦ። "ከዛስ?" የሌላኛው ፓርቲ ሰው፣ ላካዬ ፖው። "አሁንስ?" አሁን እንደገና የሙሂካ ፓርቲ፣ ኦርሲ ሚባል፣ የታሪክ አስተማሪ የነበረ። ፎጣውን አንገቴ ላይ እያሰረ "እሱስ መቼ ነው ሚወርደው?" አለኝ።

ማርች 1፣ 2030 አልኩት።

እጁን አቆመና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። "ቀኑ ታውቋል?"

ታውቋል።